ከመሳቢያው የጠፋው አጥንት

ሌባ የማይሰርቀው የለም፤ አጥንት ሲሰርቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት ገና መኪናዬን ፓርክ ሳላደርግ አለቃዬ፣ ሳጅኔ፣ ኮል አድርጋ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ መዘረፉን ነገረችኝና «ያንተ ሰዎች ናቸው» ብላ ዘጋችው። ይቺ «ያንተ ሰዎች» የምትባል ነገር ታንገበግበኛለች። በሲያትል ፖሊስ የስርቆት ክፍል ፀጉሬን ያሸበትኩ መርማሪ ነኝ፤ እነሱ ዘንድ ግን አማርኛ የሚናገር ሰው አፍንጫው በደማ ቁጥር የሚጠራው ሽኩር ነው። አለመታደል ሆኖ ሁልጊዜም እሄዳለሁ።

ክሊኒኩ ሬይኒየር አቬኑ ላይ፣ በአንድ ስልክ መሸጫና በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል ነው። ባለቤቱ ዶክተር እሴይ አርባዎቹን የጀመረ፣ ንግግሩ የሚጣደፍ ሰው ነው። ለእረፍት ወጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ክሊኒኩ ዝግ ነበር፤ ዛሬ ሲመለስ ነው ጉዱን ያየው። በሩ አልተሰበረም፤ መስታወት አልተነካም፤ አላርሙም በኮድ ተከፍቶ በኮድ ተዘግቷል። ኮምፒውተሮቹ በየቦታቸው አሉ። ዶክተሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ አስገባኝና አንድ ሰፊ መሳቢያ ሳበልኝ። ትንንሽ የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረውበታል። አንዱን አነሳሁት፤ ባዶ ነው። ቀጣዩም ባዶ። ሌባው የውስጡን ወስዶ ክዳኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ዘግቷቸዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ገጥሞኝ አያውቅም።

ምን ነበረበት ስለው «አጥንት» አለኝ። ግራ መጋባቴን አይቶ ነው መሰለኝ ወንበር አቀረበልኝና ያስረዳኝ ጀመር። የላይኛው የኋላ ጥርስ ከወለቀ በኋላ ዓመታት ሲያልፉ ጥርሱን ይዞ የነበረው የመንጋጋ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ከላዩ ያለው ሳይነስ የሚባለው ባዶ የአየር ክፍል ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ኢምፕላንት የሚባለውን የብረት ሥር እዚያ ላይ ልትከል ብትል የሚይዘው ነገር የለም። ሶ፣ መጀመሪያ ከጎን በኩል ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ የሳይነሱ ስስ ሽፋን ቀስ ተደርጎ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከሥሩ በተገኘው ክፍተት የአጥንት ፍርፋሪ ይሞላበታል። ወራት ሲያልፉ ፍርፋሪው የሰውየው የራሱ አጥንት ይሆናል፤ ያኔ ጥርስ ይተከልበታል። የጠፋው እሱ በብልቃጥ ታሽጎ የሚመጣው ፍርፋሪ ነው።

«ምስማር ከመምታትህ በፊት ግድግዳ ትሠራለህ አይደል?» አለኝ። «እንደሱ ነው።»

ጎንበስ ብዬ መሳቢያውን ሳየው አንድ ሽታ ሸተተኝ። ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ ነው፤ የት እንደማውቀው ግን አልመጣልኝም። ዶክተሩን ብጠይቀው የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ የማይሸት መድኃኒት የለም ብሎ አለፈኝ። ከመሳቢያው ሥር ወለሉ ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል የነጭ አቡጀዲ ቅዳጅ አገኘሁ። በመቀስ የተቆረጠ አይደለም፤ በእጅ የተቀደደ ነው። ይህን የሚመስል ጨርቅ ክሊኒኩ ውስጥ የለም። በከረጢት ያዝኩት።

ኮዱን የሚያውቀው ማነው ስለው ዶክተር እሴይ አንገቱን ደፋ። እሱና ረዳቱ አስማእ ብቻ ናቸው። አስማእ እዚህ ክሊኒክ ያደገች ማለት ይቻላል፤ ከሃይስኩል እንደወጣች ነው የያዛት። በመስከረም የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ ልትሆን ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ የድጋፍ ቃል የሰጠላት እሱ ራሱ ነው። በስርቆት ከተከሰሰች የሙያ ፈቃድ የሚሰጣት የለም፤ ያለቀላት ልጅ ናት። ይህን እየነገረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እንግዲያው ተወዋ» አልኩት።

«የኔ ቢሆን እተወው ነበር። እያንዳንዱ ብልቃጥ ቁጥር አለው። ማን ውስጥ እንደገባ ወይም የት እንደደረሰ ለላከልኝ ድርጅት ማሳወቅ አለብኝ። ጠፋብኝ ብዬ ዝም ካልኩ ክሊኒኩን ይዘጉብኛል።»

ስለዚህ ሥራዬ ግልጽ ነበር። ወይ ሌላ ሌባ አገኛለሁ፣ ወይ የአስማእ ነገር ያበቃል።

አስማእን ከክሊኒኩ ወጣ ብለን መኪናዬ ውስጥ አነጋገርኳት። ሃያዎቹ መካከል ያለች፣ ሂጃቧን በጥንቃቄ የጠቀለለች ልጅ ናት። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ስትደነግጥ ብቻ ወደ አማርኛ ትመለሳለች። አላርሙ የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ፌደራል ዌይ የጓደኛዋ ኒካህ ላይ ነበረች። ቪዲዮውን አሳየችኝ፤ ሙሽሪት አጠገብ ተቀምጣ ትስቃለች። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ገና አንድ ሰዓት ያላወቅኳት ልጅ ስለተረፈች ደስ አለኝ።

ከዚያ ኮዱን ለማን ነግረሻል አልኳት። እጇ ላይ ያለውን የሰርግ ሂና ማየት ጀመረች።

«ለማንም» አለች፤ በአማርኛ።

ውሸት አታውቅበትም። የማያውቅበት ሰው ሲዋሽ ማየት ደግሞ እኔን ያሳዝነኛል። ቁልፉስ የት ያድራል ስላት ቤት፣ በሩ አጠገብ ያለ መስቀያ ላይ አለችኝ። አድራሻውን ጠየቅኳት፤ ሲታክ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው።

ሳጅኔ ግን ከእኔ ቀድማ ሌላ ሰው አስባ ነበር። ናሁም የሚባል ልጅ ለክሊኒኮች የኢምፕላንት ዕቃ እየዞረ ይሸጣል። ዶክተር እሴይ በክረምቱ ከእሱ መግዛት አቁሟል፤ ሲለያዩም ተጯጩኸዋል። ኮዱን ከአስማእ ትከሻ በላይ አይቶ ይሆናል፤ ዕቃውንም ሌላ ክሊኒክ ይሸጠዋል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ እኔም እሱ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ናሁምን አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ሎቢ ውስጥ አገኘሁት። ቅዳሜ የት ነበርክ ስለው ስልኩን አውጥቶ ቀይ፣ ዓይኑን ያልገለጠ ሕፃን አሳየኝ። ቅዳሜ ሚስቱ ስትወልድ አጠገቧ ነበር፤ ሆስፒታሉ ስደውል አረጋገጠልኝ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ልነሳ ስል እሱ ራሱ ያዘኝ።

«የትኛው ነው የጠፋው? የላሙ ነው የሰው?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ አጥንት ሲለኝ የምን አጥንት ብዬ አልጠየቅኩትም፤ የከብት መስሎኝ ነበር። ናሁም አስረዳኝ። ሁለቱም አሉ። የላሙ ቶሎ አይሟሟም፤ የሰው የሚባለው ደግሞ ሲሞቱ አካላቸውን ለሕክምና ከሰጡ ሰዎች ተወስዶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የሚመጣ ነው። ሳጥኖቹን ፎቶ አንስቼ ስለነበር አሳየሁት። ባዶ የሆኑት በሙሉ የሰው ናቸው። አጠገባቸው የነበሩት የላሙ ሳጥኖች እንደታሸጉ ናቸው። ከሁሉም የሚወደደው ብረት ከታች ባለው መሳቢያ አልተነካም።

«ሌባ አይደለም ይሄ ሰው» አለኝ ናሁም። «የሰውን ማንም አይገዛውም። ቁጥሩ ተከታትሎ ያስይዘዋል። ሊሸጥ የመጣ ሰው ብረቱን ነበር የሚወስደው።»

እየነዳሁ ስመለስ አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳናው ተዘጋግቶ ቆሞ ነበር። መሪው ላይ ተደግፌ አሰብኩ። ሰውየው የሰውና የላም አጥንት ለይቷል። የሚሸጥ ነገር አልወሰደም። ክዳን ዘግቷል። ነጭ አቡጀዲ በእጁ ቀዷል። ያ ሽታም አልለቀቀኝም።

ስልክ መሸጫው በሩ ላይ ካሜራ አለው፤ የክሊኒኩን መግቢያ ከጎን ያሳያል። ከሳጅኔ ጋር ቁጭ ብለን የቅዳሜውን አየን። ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ሴት ቁልፍ አውጥታ ትገባለች። ፊቷ አይታይም። ቆይታ ትወጣለች፤ እጇ ላይ ቦርሳ አለ። ቦርሳውን አላንጠለጠለችውም፤ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። በሩን ቆልፋ ወደ መንገዱ ከመውጣቷ በፊት ቦርሳውን በክንዷ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ መዳፎቿን ከፈት አድርጋ፣ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ፣ ከዚያ ፊቷን ዳበሰች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ ሳጅኔ። «ዝናብ መኖሩን እያየች ነው?»

ዝናብ አይደለም። ዱዓ ነው። የቆመችውም ጀናዛ ሊወጣ ሲል ሰው በሚቆመው አቋቋም ነው። ያኔ ሽታውም መጣልኝ፤ ካፉር ነው። ሬሳ ሲታጠብ በመጨረሻው ውሃ ውስጥ የሚጨመር። በእጅ የሚቀደደው አቡጀዲ ደግሞ የከፈን ማሰሪያ ነው፤ ለከፈን ማሰሪያ መቀስ አይፈለግም፣ በእጅ ይተረተራል። እናቴ የሞተች ጊዜ ከበሩ ውጭ ቆሜ የጨርቁን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ለሳጅኔ ምንም አላልኳትም። የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ወጣሁ።

ሲታክ አስማእ የነገረችኝ አፓርትመንት ሄጄ ሳንኳኳ በሩን የከፈቱልኝ እማማ ሰኪና ናቸው። የአስማእ እናት እሳቸው መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ ወላሂ አላውቅም ነበር። እማማ ሰኪና ቀን ቀን አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው ይንከባከባሉ። በዚህ አካባቢ ሙስሊም ሴት ስትሞት ደግሞ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከሌሊት ሥራ ወጥተውም ቢሆን ይመጣሉ፤ ያጥባሉ፣ ይከፍናሉ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ይሄዳሉ። እናቴን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ጨርሰው ሲወጡ «እናትህ ፊቷ ፈክቷል፣ አትዘን» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

«ሽኩሬ» አሉኝ። «ግባ ልጄ። የአስር ሶላት ልሰግድ ነበር፣ ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ምንጣፋቸውን ዘረጉና ወንበር ጎትተው ላዩ ላይ አደረጉ። ተቀምጠው ሰገዱ፤ ግንባር መሬት የሚነካበትን ሱጁዱንም በአገጫቸው ብቻ ጠቆም እያደረጉ። እኚህ ሴት ሽባ ሰው ከአልጋ ብድግ አድርገው የሚያነሱ ናቸው፤ ጉልበታቸው ምንም አልሆነም። ሲጨርሱ ምነው ወንበር ላይ አልኳቸው።

«ሐኪሙ ጭንቅላትሽን አትድፊ ብሎኝ ነው» አሉ፤ ጉንጫቸውን በጣታቸው እየነኩ። «አትናፈጪ፣ ስታነጥሺ አፍሽን ክፈቺ፣ ጎንበስ አትበይ አለኝ። አጥንቱ እንዳይናጋ።»

ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም፤ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። የዶክተር እሴይ ታካሚ ነዎት ወይ አልኳቸው። ነኝ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ ልላቸው አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተና አስማእ ገባች። እናቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፣ እናቷ እንዳይሰሙ። ከኒካሁ ቀደም ብላ ወጥታ ብልቃጦቹን የወሰደችው እሷ መሆኗን፣ ወንዝ ውስጥ እንደጣለቻቸው፣ እናቷ ምንም እንደማያውቁ ተናገረች። ለምን ወሰድሽ አልኳት። «እኔ ነኝ አልኩህ እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። እማማ ሰኪና ምን ትላለች፣ ምን ትላለች እያሉ ያዩኛል። አልነገርኳቸውም።

ዶክተር እሴይ ጋ ደወልኩ። እማማ ሰኪና ስለ አጥንቱ ጠይቀውት ያውቃሉ ወይ አልኩት። ቆይቶ አስታወሰው፤ የስፌቱን ክር ሊያወጣላቸው የመጡ ቀን፣ አስማእ ባልነበረችበት፣ የምን እንስሳ ነው የጨመርክልኝ ብለውታል። እሱ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው፤ ብልቃጥ አውጥቶ እያሳየ፣ እንስሳ አይደለም፣ ከሁሉም የተሻለውን የሰውን ነው ያደረግኩልዎ፣ ሲሞቱ ከሰጡ ደጋግ ሰዎች ነው ብሎ ነገራቸው። መሳቢያ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰዎች ናቸው ወይ ብለው ጠየቁት። የላሞቹ እነዚያ ናቸው፣ እነዚህ ግን አዎ፣ እያንዳንዱ ብልቃጥ የተለያየ ሰው ነው አላቸው። ፊታቸው ሲለወጥ የቁስሉ ሕመም መስሎት ማስታገሻ ሰጣቸው።

አስማእ ከቀዶው በፊት ወረቀቱን ስታስፈርማቸው የምን አጥንት ነው፣ አሳማ እንዳይሆን ብለዋት ነበር። «አሳማ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» ብላ አለፈችው። ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ የኛ ልጆች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የሚያስደነግጠውን ይተዉና የሚያጽናናውን ይነግራሉ። የኔም ልጅ ለናቴ እንዲህ ያደርግ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ግን ይኸው።

በማግስቱ አቃቤ ሕጉ የአስማእን ቃል አንብቦ ደስ አለው። ኮድ አላት፣ ቁልፍ አላት፣ አምናለች። ቪዲዮው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከኒካሁ እስከ ማታ አልወጣችም የሚል የለም። የካሜራዋ ሴት ፊቷ አይታይም፤ እናትና ልጅ ደግሞ በቁመት አንድ ናቸው። እናትየዋ ናቸው አልኩት። ማስረጃ አምጣ አለኝና አስማእ እንድትታሰር አዘዘ። ጉዳዩን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እኚህ ሴት እናቴን ያጠቡ ናቸው ብዬ ሳጅኔን ለመንኳት። «ይሄ ዝምድና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምሯን ነው። ምን ብዬ ላስረዳት? አይደለም አልኳት። አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው ስለሌላት እኔው ቀጠልኩ።

እማማ ሰኪና ልጃቸው መታሰሯን ሲሰሙ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ጣቢያ መጡ። አስተርጓሚ አልፈለጉም፤ ከእኔ ጋር ብቻ ገቡ። ከመቀመጣቸው በፊት «እኔ ነኝ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሴት አጥበው ነበር፤ ከዚያ በቀጥታ፣ እጃቸው ካፉር እየሸተተ፣ የተረፈውን አቡጀዲ ይዘው ሄዱ። ኮዱን ያውቁታል፤ አስማእ ታማ በነበረች ጊዜ ክሊኒኩን ያጸዱላት እሳቸው ናቸው።

«ብዙ ሬሳ አጥቤያለሁ፣ ሽኩሬ» አሉኝ። «ድሃ አጥቤያለሁ፣ ዘመድ የሌላት አጥቤያለሁ፣ ውሃ የበላት አጥቤያለሁ። ሳትቀበር የቀረች ግን የለችም። እነዚያ ሰዎች መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እሱ ሲፈልግ እየሳበ ያያቸዋል፣ ሲጨርስ ይዘጋባቸዋል። ይሄን አውቄ እንዴት ነው የምተኛው?»

«ወደው የሰጡ ናቸው እኮ እማማ። ለሰው ይጥቀም ብለው ነው።»

«ይጥቀማ። እኔን ጠቅሞኛል። አፌ ውስጥ ያለው ሰው ሰው አግኝቷል፤ እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። የሱ አላሳሰበኝም። ያሳሰቡኝ ሰው የሌላቸው ናቸው።»

የት አደረጓቸው አልኳቸው። ቀብሬያቸዋለሁ፣ የሚገባቸውን አድርጌላቸዋለሁ፣ ቦታውን ግን አልነግርህም አሉ። እነግርህና ታወጣቸዋለህ፤ የተቀበረ ሰው አይወጣም። እኔን እሰረኝ፣ ልጄን ልቀቃት።

ያኔ ነው የቸገረኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ማስረዳት ኖሮብኝ አያውቅም። የእርስዎን ቃል ብቻ ይዘው አስማእን አይለቋትም አልኳቸው። እናት ልጇን ልታድን ዋሸች ይላሉ፤ ልጅቷም እናቷን ልታድን እየዋሸች ነው፣ ግን የሷ ውሸት ለወረቀት ይመቻል። ብልቃጦቹ ካልተገኙ አስማእ ትከሰሳለች። ቢገኙ ደግሞ የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት፤ ያለዎት ግሪን ካርድ ነው፤ ሲቲዝን አልሆኑም። ገብቶ በመስረቅ የተከሰሰ ሰው በግሪን ካርድ ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። ይህንንም አልደበቅኳቸውም።

ሁለት ጊዜ የዜግነት ፈተና ወድቀዋል፤ በእንግሊዝኛው። አሁን ይህን እያነሱ ትንሽ ሳቁ። «ለኔ አይደለም የምፈራው» አሉኝ። «እኔ የትም መኖር እችላለሁ። ግን እነሱን ባስወጣ፣ ነገ ሌላዋን ሴት በምን እጄ አጥባለሁ?»

መርማሪ ነኝ፤ ሌባ ማግኘት እንጂ እንዲህ ያለውን አልተማርኩም። ዶክተሩ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ ለመንኩት፤ እሱም አለቀሰ፤ ግን ሪፖርቱን ልኳል። አቃቤ ሕጉ ጋ ሄድኩ፤ ዕድሜያቸውን እናያለን አለኝና ወደ ሌላ መዝገብ ዞረ። ጠበቃ ፈለግኩላቸው። ከዚህ በላይ የማደርገው ነገር ጠፋኝ። ቤቴ ገብቼ እራት ቀርቦልኝ መብላት አቃተኝ፤ ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ጥርሴን አሞኝ ነው አልኳት።

በሚቀጥለው ቀን እማማ ሰኪና ራሳቸው ኮል አደረጉልኝ። አስማእን በእስር ቤቱ ስልክ አናግረዋታል። ልጅቷ በእንግሊዝኛ እንዳይሰሙ የደበቀችውን ሁሉ በአማርኛ ነግራቸዋለች፤ ትምህርት ቤቱን እንደተወችው፣ እሳቸው ብቻ እንዲቀሩላት። እናት ይሄን ሰምታ ምን ታደርጋለች። «ና ውሰደኝ» አሉኝ።

ቦታው ከከተማው ደቡብ ያለው የሙስሊሞች መቃብር ነው። ከዳር፣ ሳይወለዱ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት ጥግ አለ፤ እነሱንም የሚያመጧቸው እሳቸው ስለሆኑ የሚያያቸው ጠባቂ ምን ይዘሽ ነው አይላቸውም። እሑድ የዚያችን የቅዳሜዋን ሴት ቀብር ሸኝተው፣ ሰው ሲበተን እሳቸው ቀርተው፣ በአትክልት መኮትኮቻ ቆፍረው አስገቧቸው። እኔ፣ ፎቶ የምታነሳ አንዲት ባልደረባዬ፣ እሳቸውና ጠዋት በዋስ የተለቀቀችው አስማእ ቆመናል። ዝናቡ ቀላል ነው።

ባልደረባዬ አካፋ ይዛ ወጣች። እማማ ሰኪና እጄን ያዙኝና እኔ ላውጣቸው አሉኝ። ደንቡ አይፈቅድም። ተዪያቸው አልኳት ባልደረባዬን፤ ለሳጅኔ እኔ እመልሳለሁ። ተንበርክከው በእጃቸው ቆፈሩ፤ ጭንቅላታቸውን እንዳይደፉ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያየ፣ በዳሰሳ ነው የቆፈሩት። መጀመሪያ የወጣው አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ጥቅል ነው፤ በሦስት ቦታ ታስሯል፣ ልክ እንደ ሰው። ከዚያ ሌላው። ለየብቻ ነው የከፈኗቸው፤ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሏቸው አይደል ዶክተሩ።

ባልደረባዬ ጥቅሎቹን መፍታት ነበረባት፤ ቁጥሩ መታየት አለበት። የመጀመሪያውን ማሰሪያ ስትፈታ እማማ ሰኪና ፊታቸውን አዞሩ። አስማእ እናቷን አቀፈቻቸው። ልጅቷ እስካሁን ድረስ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን በአማርኛ «እማዬ ይቅርታ፣ ያኔ ልክ ብነግርሽ ኖሮ» እያለች አለቀሰች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋሉ። ከረጢቶቹን ይዤ ቆሜ ነበር።

ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ እማማ ሰኪና ጉድጓዱን መልሰው ሞሉት። ከዚያ ተነሱና ወደኔ መጡ።

«አሁን የት ነው የሚሄዱት?»

«ጣቢያ፣ ኤግዚቢት ክፍል።»

«መሳቢያ ነው?»

«መደርደሪያ ነው።»

«ነገሩ ሲያልቅስ?»

ነገሩ ሲያልቅ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ከክሊኒክ አንዴ የወጣ ብልቃጥ ለማንም አይደረግም፤ ከሕክምና ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። አስማእም ታውቃለች፤ ጊዜው ያለፈበትን ቀዩ ባልዲ ውስጥ የምትጨምረው እሷ ናት። ከእናቷ ጀርባ ቆማ ዓይኔን ያዘችውና አንገቷን ቀስ አድርጋ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ይቀበራሉ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተፈታ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም። አፈር የነካ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «አላህ ቀባሪ አያሳጣህ» አሉኝ።

«አሚን» አልኩና ከረጢቶቹን ወደ መኪናው ወሰድኩ።